በቅቤ የታመመችው ኮምፒውተር

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ሞባይል መካነ ሰላም ከገባ በኋላ ነው፤ አስፋልቱ ግን ገና አልደረሰንም ነበር። በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ዓረብ አገር ሴት ልጅ ያልላከ ቤት ጎረቤት ፊት ቀና ብሎ የማይሄድበት ጊዜ ነው። ዓመቱን አጣርቼ ልጽፍ ብዬ ሰዎች ጠየቅኩ፤ አንዱ ከወዲህ ያደርገዋል፣ ሌላው ከወዲያ። ተውኩት። የሆነውን ግን አልረሳሁም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በትምህርት ቤት ዘበኝነት ነው፤ ሌሎች ሲማሩ በመስኮት ሰምቻለሁ እንጂ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ስለ ኮምፒውተር የምጽፈውም ልጄ ጎን ተቀምጬ ያየሁትን ያህል ብቻ ነው። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያችን ኮምፒውተር ያመማት ቅቤ ነው። ያኔ ግን ይህን የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

ልጄ ከቤሩት የተመለሰችው ግራ ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ ይዛ ነው። አሠሪዋ ማዳም ሸሚዝ አሳረርሽብኝ ብላ በዚያው ካውያ ክንዷን ተኮሰቻት። ይህን የነገረችኝ አንዴ ነው፤ ደግማ አላነሳችውም፤ እኔም አልጠየቅኳት። እንደሷ የተመለሱት ልጆች ወርቅና ቴሌቪዥን ይዘው ይመጣሉ። የእኔዋ በብርድ ልብስ የተጠቀለለች ኮምፒውተር ይዛ መጣች። ቤሩት ሳለች በዕረፍቷ ቀን ከአገሯ ልጆች ዘንድ እየሄደች በአማርኛ መተየብ ተምራ ኖሯል። እኛ ከተማ ወረዳ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ በእጃቸው የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ የተተየበ ወረቀት መውደድ ጀምሯል። ልጄ ይህን በስልክ ሰምታ ነው ያሰበችበት።

«አባ፣ ቤቴ ተቀምጬ እየተየብኩ እኖራለሁ» አለችኝ።

ቤቴ ትበል እንጂ ቤቱ የታላቅ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ካረፈች ወዲህ እኔም እዚያው ነበርኩ። ልጄ ነው፣ አልክደውም። ጫማና ሳሙና ይነግዳል። ሱቁ ለገባ ሰው ማር ነው፤ ቤቱ ላለ ሰው ግን ምላሱ ምላጭ ነው። እህቱ ብርድ ልብሱን ስትፈታ በሩ ላይ ቆሞ አየና፣

«ምንድን ነው እሱ?» አላት።

«ኮምፒውተር ነው ወንድሜ።»

«ቆርቆሮ ነው ብዬ ነበር። ጣሪያ ላይ ይመታል?»

ከጓሮ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ ድንጋይ ሁሉ አስጥሎ ነበር። ድንጋዩን ሲያስጥል ያሰበው እሷን ነው፤ የእሷን ላብ። ስለዚህ ያቺ ሳጥን ከገባች ጀምሮ እንደ ሰደበችው ነው የሚያያት።

የልጅቷን መመለስ ሰምታ ታላቅ እህቴ ከአጅባር መጣች። ቅል ሙሉ ቅቤ አዝላ ነው የመጣችው። ልጅቷን ከጉልበቷ ሥር አስቀምጣ፣ «አምጪው ይኼን ራስ። ምነው ሆዴ! እንዲህ አድርቀው ይላኩሽ?» እያለች ቅቤውን በእጇ እያሟሟች ራሷ ላይ ደፈደፈችላት። ልጄ እንደ ሕፃን ዐይኗን ጨፈነች። ክንዷን ያየች መስሎኛል እህቴ፤ እጇ ትንሽ ቆመ።

ኋላ ልጄ ኮምፒውተሯን ልታሳያት አበራቻት። በጀርባዋ በኩል አየር የምትስብበት ማራገቢያ አለ፤ እሱ መንገድ አንገላቶት ይሁን እንጃ ክፉኛ ያንገራግራል።

«ምን ሆና ነው የምታቃስተው?» አለች እህቴ።

«ማራገቢያዋ ነው አክስቴ። እየቆየች ትተዋለች።»

ልጅቷ የመንገድ ድካም ይዟት ጋደም ስትል፣ እህቴ ቅሉ ሥር የቀረውን ቅቤ በጣቷ እየጠረገች ወደ ጠፋችው ኮምፒውተር ሄደች። የጀርባዋ ብረት እንደ ወንፊት ነው፤ በዚያ በኩል ጣቷን እያስገባች ማራገቢያውን ቀባችው። ደህና አድርጋ ነው የቀባችው፤ እህቴ ስትሰጥ ቆጥባ አታውቅም። «እሷም ከበረሃ ነው የመጣች» አለችና በለሆሳስ ዱአ አደረገችላት። የበር ማጠፊያ ሲጮህ፣ ጠፍር ሲደርቅ፣ ራስ ሲያም፣ እኛ ዘንድ ቅቤ ነው። እኔም አጠገቧ ነበርኩ፤ አሚን አልኩ።

ማታውን ልጄ ስታበራት ማቃሰቱ የለም። ጸጥ።

«ማሻአላህ! ዳነች!» አለች ልጄ።

እህቴ እኔን አይታ ፈገግ አለች እንጂ አልተናገረችም። ሰው የመረቀውን ነገር እኔ ነኝ የመረቅኩት ብሎ ማውራት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ምርቃቱ ይረክሳል። ስለዚህ እሷም ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ። በነጋታው ወደ አጅባር ተመለሰች።

ወንድምየው ቀነ ገደብ ያስቀመጠው በዚያው ሰሞን ነው። እራት ላይ እጁን እየታጠበ፣ የእህቱን ፊት እንኳ ሳያይ ተናገራት።

«እስከ አረፋ አይልሻለሁ። እስከዚያ ራስሽን ከቻልሽ ተቀመጪ። ካልቻልሽ ደላላው ዝግጁ ነው። ፓስፖርትሽ እኔ ዘንድ ነው።»

ኋላ ከእኔ ጋር ውጭ ስንቀመጥ፣ «አባ፣ እዚያ ከምመለስ እዚህ ድንጋይ ብሸከም ይሻለኛል» አለችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፣ ከቤሩት የተማረችው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ልጅቷን የሚያስቀራት ያቺ ሳጥን ናት፣ ሌላ የለም።

ሥራው መጀመሪያ ደህና ነበር። ፍርድ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ሰው መምጣት ጀመረ። ልጄ የምትጽፈውን እያነበበች ነው የምትተይብ፤ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። አንድ ቀን ከገጠር ለመጣች፣ የባሏ ወንድሞች መሬቷን ለነጠቋት ሴት ማመልከቻ እየጻፈች ነበር። ወደ መጨረሻው ገደማ ጽሑፉ በሙሉ ጥፍት አለና መስተዋቱ ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊው ላይ ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደል ተደርድሯል። ልጄ የፈላ ድስት የነካች ይመስል ሁለት እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሳች። «ምን አለ? ምን አለ? ፈረዱብኝ እንዴ?»

«ኧረ አይደለም እናቴ። ማሽኗ ናት።»

«ታዲያ ምነው ፊቱ ተለወጠ?»

ልጄ አጥፍታ አበራቻት። ማሽኗ ተነሳች፤ ማመልከቻው ግን የለም። እንደገና ከቢስሚላሂ ጀመረች። ሴትዮዋ ወረቀቷን ስትቀበል እንኳ በጥርጣሬ አገላብጣ አየችው።

ከዚያ በኋላ እየተመላለሰ መጣ። ልጄ አንድ መስመር በጻፈች ቁጥር ማስቀመጥ ለመደች፤ ያም ሆኖ ሰው ፊት ሰማያዊ ሲሆን ደንበኛው ይሸሻል። ማሽኗ ዐይነ ጥላ አለባት ተባለ። ከልጅቷ ጋር የሆነ ነገር ተከትሎ መጥቷል ያሉም ነበሩ። እኛ ግን ሕመሟን መፈለግ ያዝን። ልጄ መጀመሪያ የጠረጠረችው መብራቱን ነው። ከእኛ ጀርባ ብየዳ ቤት አለ፤ ብረት ሲበይዱ አምፖላችን ይደክማል። ከአንድ ጎረቤት ስታቢላይዘር ተውሳ ሰካችው። የስታቢላይዘሩ ቀስት ቀጥ ብሎ ቆሞ እያየነው ማሽኗ ሰማያዊ ሆነች። መብራቱ አይደለም ማለት ነው። ቀጥላ ገመዶቹን በሙሉ ነቅላ፣ በጨርቅ ጠርጋ፣ አንድ በአንድ መለሰች። ያው ናት። ነጫጮቹን ፊደላት ወረቀት ላይ ገልብጣ ትምህርት ቤት ላለ አስተማሪ አሳየች፤ «ማሽኑ ታመምኩ ነው የሚለው፤ የት ላይ እንደሆነ አይናገርም» ብሎ መለሰላት።

ኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ማለዳ፣ ብርዱ ሲበረታ፣ ማሽኗ ረጅም ጊዜ ትሠራለች። ፀሐይ ከወጣች፣ ቤቱ ከሞቀ፣ ቶሎ ቶሎ ትወድቃለች። «አባ፣ ይሞቃታል መሰለኝ» አለች። ጀርባዋን ስትዳብሳት እውነትም ትፋጃለች። ስለዚህ ጠረጴዛውን በር ላይ አወጣነው። የመካነ ሰላምን የጠዋት ንፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አጥንት ይገባል። ልጄ ጋቢዬን ተከናንባ፣ ጣቶቿን በትንፋሿ እያሞቀች፣ ማሽኗን ንፋስ እያስመታች ትተይባለች። ባለ ጉዳዩ ውጭ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ግን ሠራች! የዚያን ሰሞን ያየሁባትን ደስታ ከዚያ ወዲህ ፊቷ ላይ አላየሁም።

ወንድሟ ወደ ሱቁ ሲወጣ በእኛ በኩል ያልፋል። «ላሟ ታለበች?» ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ አፍንጫውን ይዞ ቆመ።

«ምንድን ነው ይኼ ቅቤ ቅቤ የሚለው? ራስሽን ታጠቢ እንጂ! ደንበኛ የሚሸሸው ማሽኗን መስሎሻል? አንቺን ነው።»

ልጄ አፍራ በዚያ ብርድ በቀዝቃዛ ውኃ ራሷን ታጠበች። ደጋግማ ታጠበች። ሽታው ግን ማሽኗ በሞቀች ቁጥር ይመጣል፣ ቅቤ ሲነጠር እንደሚሸተው። እሷም ከራሴ ነው ብላ አመነች። እኔም ከራሷ ነው ብዬ አመንኩ።

በመጨረሻ የከተማዋ ኮምፒውተር ቤት ባለቤት ዘንድ ይዘናት ሄድን። ጎልማሳ ነው፣ ደሴ የተማረ። እሱም ማመልከቻ ያስተይባል፤ ልጄ ገበያውን እንደተሻማችው ያውቃል። ልጄ እንደሚሞቃት፣ ጠዋት እንደሚሻላት፣ ሁሉንም በዝግታ ነገረችው።

«ትከፈትና ውስጧን እንያት» አለችው።

ጎኗ ላይ የተለጠፈውን ማኅተም በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ይኼ ከተቀደደ ዋስትናሽ አለቀ። እኔ የለሁበትም።» ሻጩ ቤሩት ማኅተሙን እንዳትነኪ ብሏት ነበርና እሷም ፈራች። ቤሩት የከለከሏትን ነገር መካነ ሰላምም ሆና መንካት አትደፍርም። «ደግሞ ሙቀት አይደለም፤ ቫይረስ ነው» አለ ሰውየው። ከዚያ ልጄን ከላይ እስከ ታች አያት። «ከዓረብ አገር የሚመጣ ነገር ሁሉ አንድ ነገር ሳይዝ አይመጣም።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ልጄ እጅጌዋን ወደ ታች ጎተት አደረገች።

ፎርማት አደረጋት። ፎርማት ማለት ውስጧ ያለውን በሙሉ አጥቦ ባዶዋን መመለስ ነው። ልጄ ይህን ያወቀችው ካለቀ በኋላ ነው። ያስቀመጠቻቸው ማመልከቻዎች ጠፉ። ቤሩት አንድ ክፍል አብራት ታድር የነበረች ልጅ ነበረች፤ ከሰገነት ወድቃ የሞተች፤ ወደቀች ነው የተባለው። የዚያች ልጅ ፎቶ ያለው እዚያች ማሽን ውስጥ ብቻ ነበር። ልጄ እንደ ምንም፣ «ፎቶ ነበረኝ...» አለች።

«ፎቶ ነው? ሌላ ትነሻለሽ» አላት፣ ሒሳቡን እየተቀበለ።

ማሽኗ ቤት ገብታ በማግሥቱ ሰማያዊ ሆነች።

አረፋ ሲቃረብ ወንድምየው ደላላውን ይዞ መጣ። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። እንግዳው ሲገባ እኛ በር ላይ ነበርን፤ ወንድምየው ጠረጴዛው ወደ ውስጥ ይግባ አለ። አስገባነው። በሩን ዘጋው።

«ልጄ፣ በሩ ክፍት ይሁን፤ ማሽኗ ንፋስ ስታገኝ ነው የምትሠራው» አልኩት።

«አባ፣ አንቱ ዘበኛ ነበሩ አይደል? በሉ በሩን ይጠብቁ፤ እንዳይከፈት።»

ደላላው ሻሹን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«በደልካት እንዳትሉኝ» አለ ወንዱ ልጄ ለደላላው፤ ወደ እህቱ ዞረ። «የምልሽን ጻፊ። ሳይጠፋብሽ እስከ ፊርማው ከደረስሽ፣ ወላሂ ትቀሪያለሽ። የደላላውን ወረቀት እዚሁ እቀደዋለሁ። ጻፊ፤ እኔ አመልካች፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ወድጄና ፈቅጄ፣ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ...»

ልጄ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ መተየብ ጀመረች። ልማዷ ነውና እያነበበች። «ወድጄና ፈቅጄ» ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ቃል እየጨመረ፣ እያስረዘመ ሄደ፤ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ጤንነቴ የተሟላ፣ ቤተሰቤ የማያውቀው ዕዳ የሌለብኝ። ቤቱ ሞቀ። ያ የቅቤ ሽታ መጣ። ልጄ ፈጠነች፤ እንደዚያ ስትፈጥን አይቻት አላውቅም። እኔ በሆዴ ያረቢ፣ ያረቢ እላለሁ። የልጄን የስደት ወረቀት አላህ እንዲያስጨርሳት መለመኔ ነው እንግዲህ።

«የአመልካች ስምና ፊርማ» አለ።

ስሟን ጀመረች። ሰማያዊ ሆነ።

ልጄ እጇን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ወንድሟ ግን አጨበጨበ።

«ይኸው ሰማዩ ተከፈተልሽ! በይ ብረሪ!»

ደላላው በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። እኔ «ተው ልጄ፣ በቃ፣ እህትህ ናት» አልኩ፤ እሱ ግን የሚሰማ አልነበረም፤ ኪሱን ነካ አደረገ፤ ፓስፖርቱን ይዞት ነው የመጣው።

ከአረፋ በኋላ ሄደች። ጠዋት ነው፣ መናኸሪያው በጉም ተሸፍኖ ነበር። አውቶቡሱ በአቀስታ ከተማ በኩል አድርጎ ደሴ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ደላላው ያውቃል። ሳል ይዞኝ ስለነበር ልጄ ስለ ሳሌ ነበር የምታወራ፤ ማር ውሰድ፣ ጠዋት አትውጣ። አውቶቡሱ ሲነሳ መስኮቱን ከፍታ «አብሽር አባ፣ አብሽር» አለችኝ። እሷ እኔን።

ብዙም ሳይቆይ ወንድምየው ኮምፒውተሯን ሊሸጥ ያንኑ የኮምፒውተር ቤት ባለቤት ቤታችን ድረስ ጠራው። ሰውየው ሊገዛ ሲመጣ ማኅተሙን በጥፍሩ ፈቅፍቆ ጣለው። አንድም ጊዜ አላመነታም። ጎኗን ፈታ፣ የማራገቢያውን ቤት ፈታ፣ ከዚያ ራሱን ይዞ መሳቅ ጀመረ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ማራገቢያው በቅቤና በአቧራ ተለውሶ ቡናማ ባዘቶ መስሏል፤ ጭድ አለበት፣ የዝንብ ክንፍ አለበት። አይዞርም። የሻገተ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ኮምፒውተር ናት ወይስ ምንቸት? ጠብሳችኋታል እኮ!»

በጥጥና በቤንዚን ጠረገው። ጊዜ አልወሰደበትም፤ አንድ ሰው ፊቱን እስኪታጠብ ያህል ነው። መልሶ አበራት። ማራገቢያው እንደ መጀመሪያው ቀን እያንገራገረ ዞረ። ቀኑን ሙሉ በርታ ዋለች፤ በሩ ተዘግቶ፣ ቤቱ ሞቆ፣ አንዴም ሰማያዊ አልሆነችም።

ወንዱ ልጄ እኔን አየኝ። «ማን ነው?» አለ። መልሴ አላስፈለገውም፤ እዚያ ቤት ቅቤ ይዞ የመጣ ሰው አንድ ብቻ ነው።

እህቴ የልጅቷን መሄድ ሰምታ መጣች። ጎረቤቶች «እንግዲህ አላህ ይጠብቃት» ሊሉ ተሰብስበው ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ወንዱ ልጄ በሩ ላይ ተቀበላት፤ ሱቁ ውስጥ ባለው ማር ድምፁ።

«አክስቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። ልጅቷን ቤሩት ማን እንደላካት ሰምተዋል?»

«ማን ነው?»

«አንቱ ነዎት። በዚያች ጣትዎ።»

ከዚያ በሰው ፊት አንድ በአንድ ነገራት። ቅቤውን፣ ማራገቢያውን፣ ሙቀቱን፣ ሰማያዊውን። አንዲት ጎረቤት «ውይ በሞትኩት!» ብላ አፏን ያዘች፤ ሌላው ሳቁን መያዝ አቃተው። እህቴ ቀስ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ወደ እኔ ዞረች።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው እትዬ» አልኳት። ልዋሻት አልቻልኩም።

ነጠላዋን አስተካከለች። ሰው ሁሉ ለቅሶ ይጠብቅ ነበር፤ ወንዱ ልጄም ይኼንኑ ነበር የሚጠብቀው። እሷ ግን ቀና አለችና፣

«እሺ። ማሽኗን እኔ ነኝ ያሳመምኳት፤ ይኼን እሸከማለሁ» አለችው። «በሩን የዘጋው ማን ነው? ፓስፖርቱን ኪሱ የከተተ ማን ነው? ቅቤ እህቱን መኪና ላይ ይጭናል? ቅቤ ትኬት ይቆርጣል?»

ወንዱ ልጄ ቢጨንቀው፣ «ቤቴ ነው፤ ይውጡልኝ» አላት።

«እወጣለሁ። ወንድሜንም ይዤው እወጣለሁ። አንተ፣ ተነስ! ጋቢህን ያዝ።»

ጋቢዬን ያዝኩ። ሌላ የሚያዝ ነገር አልነበረኝም።

አጅባር ከገባን በኋላ ልጄ በእህቴ ሞባይል ደወለች። ሌላ ማዳም ዘንድ ገብታለች። ከሰላምታው በኋላ ስለ ማሽኗ ጠየቀች፤ ማን ወሰዳት፣ ዳነች ወይ? እኔ ነገሩን ልሸፍን ስንተባተብ እህቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ስሚኝ ሆዴ። በቅቤ የገደልኳት እኔ ነኝ። ጀርባዋን ቀባኋት፤ አንቺ ተኝተሽ ነበር።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ሳቅ መጣ። ትልቅ ሳቅ፣ መጀመሪያ ቤሩት ከሄደች ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ወደ ሌላ ነገር።

«ያን ሁሉ ራሴን ስታጠብ!» አለች። «በይ አክስቴ፣ ትንሽ ላኪልኝ። ይቺንም ማዳም ልቀባት፤ ቀጥ ትል ይሆናል።»

እህቴም ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ከጀርባ የሴት ጩኸት ተሰማና ስልኩ ተዘጋ።

ልጄ እስካሁን እዚያው ናት። አንዳንዴ ትደውላለች። ድምጿ ከዓመት ዓመት እየጠነከረ ሄዷል፤ የማላውቃት ትልቅ ሴት የምታናግረኝ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ወንድሟ ክፍሎቹን ሠርቶ አከራይቷል፤ አሮጌውን ቤትም አድሶታል አሉኝ፤ አልሄድኩም።

እኔ ግን ያንን ዓመት አላልፈውም ነበር። እህል አልወርድልህ ብሎኝ፣ የደሴ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር አጅባር መናኸሪያ ቆሜ የምውልበት ጊዜ ነበር። አንዲት ሴት መጥታ ክንዴን ይዛ ትመልሰኛለች፤ አትገሥጸኝም፣ አታጽናናኝም፤ «ና፣ ከብቶቹ ውኃ አልጠጡም» ብቻ ትለኛለች። የምታሠራኝ ሥራ አጥታ አታውቅም። ለሰው ስትናገር ልጅቷን የጎዳኋት እኔ ነኝ ትላለች፣ አትደብቅም፤ ከዚያ ቀጥላ የቀረውን ትናገራለች፣ ያንንም አትደብቅም። ከእሷ ጋር መኖር የቻልኩት፣ እስካሁንም ያለሁት ለዚህ ይመስለኛል። ያሻገረችኝ እሷ ናት፤ የእናቴ ልጅ፣ የአጅባሯ ታላቅ እህቴ።